በርጩማ ተሸክሞ ጫካ መግባት

ሐሙስ

ጋሼ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ መጀመሪያ መሬት የነካው ዱላቸው ነው። ቀጥሎ ቀኝ እግራቸው፣ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ግራው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን መንገድ የሚለካው እግሩን ሳይዘረጋ በተቀመጠበት ሰዓት ነው። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «ወልቂጤ ላይ ወርጄ ባልንቀሳቀስ ኖሮ በቃሬዛ ነበር የምትቀበለኝ» አሉኝ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ሲቀይሱ ኖረው ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሐኪማቸው በየቀኑ እንዲራመዱ አዟቸዋል፤ ያውም አስፋልትና ኮብልስቶን ላይ ሳይሆን ለስላሳ መሬት ላይ። አዲስ አበባ ለስላሳ መሬት ከየት ይምጣ? እኔም በስልክ «ጅማ ይምጡልኝ፣ እዚህማ ለስላሳ መሬት ሞልቷል» ብዬ ፎከርኩ።

ፉከራ ቀላል ነው። ጅማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ ዙሪያዬ ደን ነው፤ ግን ለመራመድ ብቻ ብዬ ደን የገባሁበትን ቀን ቁጠር ብባል አንድም የለኝም። እንጨት ሊሰብር፣ ማር ሊቆርጥ፣ ቡና ሊለቅም፣ የጠፋ ከብት ሊፈልግ የሚገባ ሞልቷል። ለመራመድ ብሎ የሚገባ ፈረንጅ ነው፤ እሱም አስጎብኚ ይዞ። ስለዚህ እንግዳዬ ከመምጣታቸው ሁለት ቀን ቀደም ብዬ፣ ነገሩን በወጉ ላድርገው ብዬ፣ አንድ ቢሮ ጎራ አልኩ።

«ለጥናት ነው?» አለኝ ሰውየው።

«አይ፣ ለእግር ጉዞ።»

«ለምርምር?»

«አጎቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሊራመዱ ነው።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እንግዲያው ከመሥሪያ ቤታቸው የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል።»

«ጡረተኛ ናቸው።»

«ታዲያ ደብዳቤውን የሚጽፍላቸው ማነው?» ብሎ መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሻይ ጋብዞኝ ነው የተለያየነው። የተማረው ሦስት ዓይነት እንግዳ መቀበል ነው፦ አጥኚ፣ ካሜራ የያዘና ባለሥልጣን። ዝም ብሎ የሚራመድ ሰው የትኛው መዝገብ ላይ እንደሚጻፍ የነገረው የለም።

ሐሙስ የሂርማታ ገበያ የሚደምቅበት ቀን ስለሆነ ከምሳ በኋላ ጋሼን ይዣቸው ወጣሁ። ቅመም፣ ማር፣ ቅርጫት፣ የባጃጅ ጥሩምባ። ጋሼ ግን የቆሙት በርጩማ የሚሸጡ ሰዎች ፊት ነው። የጅማ በርጩማ የምታውቁት ነው፦ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ መቀመጫው እንደ ሰሐን ጎድጎድ ያለ፣ ባለ ሦስት እግር። አንዷን አንስተው ገለበጧት፣ እግሮቿን አንድ በአንድ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉ፣ ከዚያ ሆን ብለው ወጣ ገባ ያለ ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ተቀመጡባት።

«አየህ፣ አትንገዳገድም። ባለ አራት እግር ወንበር ሜዳ ይፈልጋል፤ ባለ ሦስት እግር ግን የትም ይቆማል። የቀያሽ መለኪያው፣ ቴዎዶላይት፣ ለምን ሦስት እግር ያለው ይመስልሃል?»

ገዙ። ሻጩ የጠራውን ዋጋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተከራከሩት፤ ለእሳቸው ይሄ ትልቅ ልግስና ነው። ለሳሎን መስሎኝ ነበር። ማታ ላይ በርጩማዋን በማዳበሪያ ከረጢት ከተው አፉን በገመድ ሲያስሩት ግን ገባኝ።

«ጫካ ውስጥ ማረፊያ ወንበር አለ?»

«የለም ጋሼ።»

«እንግዲያው ይዘን እንሄዳለን።»

ተሸካሚው ማን እንደሆነ አልተናገሩም።

አርብ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጅ ይዘን ወደ ቦዬ። ጅማን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ የሚያልፈው የአዌቱ ወንዝ፣ ከተማው የጣለበትን ሁሉ ተሸክሞ ከከተማው ዳርቻ ወዳለው የቦዬ ረግረግ ይገባል። ረግረጉ የውኃውን ሩጫ ያበርዳል፣ ደለሉን ያስቀራል፣ ከዚያ ወደ ግልገል ጊቤ ይለቀዋል። ከታች የሚጠብቀው በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ ቁጥር አንድ ግድብ ነው፤ እዚህ ያልቀረው ደለል እዚያ ይጠራቀማል። ጋሼ ትናንት በአውቶቡሱ መስኮት በኩል የግድቡን ውኃ ሲፈልጉ ነበርና ነገሩን ስነግራቸው ጆሯቸውን ሰጡኝ። ያኔ ገና ሳይገደብ ነበር አገሩን የሚያውቁት።

የባጃጁ ልጅ አስፋልቱ ዳር አውርዶን «ጉማሬ ልታዩ ነው?» አለ። ቦዬ ኩሬ ውስጥ ጉማሬ መኖሩን የጅማ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያየው ግን ሁሉም አይደለም። ጉማሬ ቀኑን ውኃ ውስጥ ሆኖ ያሳልፋል፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሲነጋ ይመለሳል። ስለዚህ አጉል ሰዓት ማለት ልክ እኛ የሄድንበት ሰዓት ነው። እንደ እኛ ያለ ሞኝ ማወቅ የሚገባው ነገር አንድ ነው፦ በጉማሬውና በውኃው መካከል አለመቆም። ይህን የሚናገር ሰሌዳ የለም። የነገረን አንድ እረኛ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ሌላ ነገር ጠይቆን።

«ምን ጠፋባችሁ?»

«ምንም አልጠፋብንም፤ እየተራመድን ነው።»

ከእግር እስከ ራሳችን አየን። አንድ ዱላ የያዙ ሽማግሌ፣ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት የተሸከመ ጎልማሳ፣ በማለዳ፣ ረግረግ ዳር። እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን አላምንም። ለማንኛውም ብሎ በበትሩ አሳየን፦ በዚህ በኩል ከብት የሚያልፍበት ደረቅ ጉብታ አለ፣ በዚያ በኩል ግን ፀሐይ እስክትሞቅ አትሂዱ።

መንገዱ ይኸው ነው፣ የከብት መንገድ። ክፉ አልነበረም። ከብት መንገድ ሲያወጣ ከቀያሽ አይተናነስም ይላሉ ጋሼ፤ ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም፣ የሚያሰምጥ መሬት አይረግጥም። በስተግራችን ጨፌው እስከ ዓይናችን ጥግ ተዘርግቷል። ሁለት ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በማጭድ ያጭዱታል፤ ለበዓልና ለቡና ሥርዓት ቤት ውስጥ የሚጎዘጎዘው እሱ ነው። ሳቢሳዎች ከከብቶቹ ጀርባ አይጠፉም። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ራሳቸው ላይ የወርቅ ጉንጉን የመሰለ ላባ የደፉ ጥቋቁር ረጃጅም ወፎች ሁለት ሆነው ቆመዋል። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሙሽሮች» አሏቸው። ልክ ናቸው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚኖሩ ወፎች ናቸው።

በስተቀኝ ያለው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ለጡብ ሸክላ የተቆፈሩ ጉድጓዶች፣ በጉድጓዶቹ ውስጥ የቆመ አረንጓዴ ውኃ፣ ከጉድጓዶቹ ጀርባ በረድፍ የተተከለ ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፣ ጡብም ቤት ይሆናል። የእኔም ቤት ግድግዳ ከየት እንደተቆፈረ መቼ ጠይቄ አውቃለሁና በማን ላይ እፈርዳለሁ? አንዱ ጉድጓድ የእግር መንገዱን ግማሹን በልቶታል። ጋሼ ዱላቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፣ አልደረሰም። «ሌሊት እዚህ የሚያልፍ ሕፃን ቢኖር» አሉና ዝም አሉ።

ጉዳቱ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጉድጓዱን ለመዞር ወደ ጨፌው ጠጋ ስንል የጋሼ ግራ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀረ። እግራቸው ወጣ፣ ጫማቸው አልወጣም። በአንድ እግራቸው ዱላቸውን ተደግፈው ሲቆሙ በርጩማዋን ፈትቼ አቀረብኩላቸው፤ ተቀመጡ፤ በርጩማዋም ቀስ እያለች፣ ሦስቱም እግሯ እኩል፣ ወደ ታች መስመጥ ጀመረች።

«ጠለሏን ግን አልሳተችም!» አሉ እየሰመጡ።

ማጭድ የያዙት ሴቶች ሥራቸውን ጥለው ሳቁ። አንደኛዋ መጥታ ክንዷን እስከ ክርኗ ጭቃው ውስጥ ከታ ጫማውን አወጣችልን፤ ከዚያም አንድ እቅፍ ጨፌ አምጥታ ከእግራችን በታች ጎዘጎዘችው። ጨፌ ላይ የተቀመጠ በርጩማ አይሰምጥም። ለካስ ጉዝጓዝ ለውበት ብቻ አይደለም።

ጉማሬ አላየንም። አንድ ጊዜ ከኩሬው መሃል ከባድ ትንፋሽ ሰማን፤ ጋሼ እኔ ነኝ እኮ አሉ።

ማታ ዘነበ። ኅዳር ነው፣ ሌላው አገር ሰማዩ ከጠራ ቆይቷል፤ ጅማ ግን የዝናብ ማብቂያ ቀን ቆርጦ አያውቅም።

ቅዳሜ

ዋናው ቀን ይሄ ነበር፤ በለጠ የሚባለው ደን።

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው አስፋልት ሰቃ ጨቆርሳን አልፎ፣ ሸቤ ሳይደረስ፣ መንገዱ ሽቅብ ይወጣና ድንገት ጥላ ውስጥ ይገባል። ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ሙቀት ጠፍቶ ሰው ሁሉ ጃኬቱን መቆለፍ ይጀምራል። በለጠና ጎረቤቱ የጌራ ደን በአንድ ላይ 150,000 ሄክታር ገደማ ናቸው። አስፋልቱ ከዚህ ውስጥ የሚያሳየው ጠርዙን ብቻ ነው፤ ከመኪና ሳይወርድ በለጠን አየሁ የሚል ሰው፣ ቤት ሳይገባ አጥር አይቶ እንደተመለሰ ነው።

ፈቃዱን በሌላ በኩል ነበር ያገኘሁት። የጎረቤቴ ባልደረባ የዚያ አገር ልጅ ነው፤ የአክስቱ ልጅ ደግሞ የመንደሩ የደን ማኅበር አባል ነው። እነዚህ ማኅበራት በአካባቢው «ዋቡብ» ይባላሉ፤ «ዋልዳ ቡልቺንሰ ቦሶና» ከሚለው የኦሮምኛ መጠሪያ ያጠረ ነው፣ የደን አስተዳደር ማኅበር እንደማለት። በ1996 ዓ.ም. በጃፓን የትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ የተጀመረ አሠራር ነው። ገበሬው ደኑን ይጠብቃል፣ አዲስ ምንጣሮ ይከለክላል፤ በምላሹ ከውስጡ ቡናና ማር ይጠቀማል። ስለዚህ አንድ ሰው ጫካው ውስጥ ምን እንደሚሠራ የመጠየቅ መብትም ልምድም ያላቸው እነሱ ናቸው። እኔ ከተማ ውስጥ ቢሮ ለቢሮ ስዞር የበሩ ቁልፍ እዚህ፣ አስፋልት ዳር ሻይ እየጠጣ ነበር።

ልጁ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቦት ጫማ አድርጎ ጠበቀን። ወደ ጫካው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ሽማግሌ ዘንድ አቀረበን፤ ያለ እሳቸው አይገባም። ሽማግሌው ቡና የተሰጣበት አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ቀዩን እሸት ከአረንጓዴው እየለዩ ነበር። ቀና ብለው በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ልጁ ተረጎመው፦

«ምን ጠፋባችሁ? ነው የሚሉት።»

እኔ መልስ ስፈልግ ጋሼ ቀደሙኝ። «ጉልበቴ ጠፍቶብኝ ነው በላቸው። ፍለጋ መጥቼ ነው።»

ልጁ ሊተረጉም አፉን ከፈተና ተወው። በኦሮምኛ ጂልባ ሌላ፣ ሁምና ሌላ ነው፤ እኛ በአንድ ቃል የምንጠራውን የእግር ጉልበትና የሰውነት ጉልበት እነሱ ለይተውታል። ትንሽ አሰበና ሁለቱንም አለ፤ ጉልበታቸውን በእጁ እያሳየ «ጂልባ»፣ ቀጥሎ ጡንቻውን እያሳየ «ሁምና»። ሽማግሌው ሳቁ። የራሳቸውን እግር ቸብ ቸብ አድርገው፣ የእኔም የጠፋው እዚያው ነው፤ ካገኛችሁት ይዛችሁልኝ ኑ አሉ። የትብብር ደብዳቤያችን በዚህ አለቀ።

መንገዱ ሲጀምር መኪና የሚገባበት ነው፣ ቡና የሚጭን ፒካፕ የሄደበት። ጋሼ ርቀት የሚለኩት በእርምጃ ነው፤ ድሮ 100 ሜትር በ130 እርምጃ ይሄዱ ነበር፣ አሁን 160 ሆኗል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ሲቆጥሩ አይወራም። መቶ በሞላ ቁጥር ከኪሳቸው አንድ ፍሬ ጠጠር ወደ ሌላው ኪስ ያዛውራሉ። እኔና ልጁ ከኋላ ነን።

«ይሄኛው ደህና ነው» አሉ ቆም ብለው። «አሥራ ሁለት ሜትር ሄደህ አንድ ሜትር ብትወጣ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ሰው እንኳ፣ መሬቱ ቢደለደልለት፣ እዚህ ድረስ ይመጣል። ከዚህ በላይ ግን አልምልም።»

ልክ ነበሩ። ከሁለተኛው መታጠፊያ በኋላ መንገዱ ጠበበና የሰው ብቻ ሆነ። የሌሊቱ ዝናብ ቀዩን አፈር ሳሙና አድርጎታል። ዳገቱ ላይ ግን የዛፍ ሥር መንገዱን አቋርጦ ወጥቶ ደረጃ ሠርቷል፤ ማንም ያላነጸው፣ ከፍታው ወጣ ገባ የሆነ ደረጃ። ልጁ እየቀደመ ሥሩ ላይ ያለውን ጭቃ በቦቱ ይጠርጋል። «ሱታ፣ ሱታ» ይላል፤ ቀስ በሉ ማለት ነው። ጋሼ ሁለቴ ከሰሙት በኋላ ራሳቸው ለራሳቸው «ሱታ» ማለት ጀመሩ።

አራተኛው ጠጠር ላይ በርጩማዋ ወጣች። እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ስለቆየን ያየነውን ልንገራችሁ።

ቡናው ከላይ ባለው ዛፍ ጥላ ሥር ነው ያለው፤ አትክልት ቦታ አይመስልም፣ መስመር የለውም፣ ቀጫጭንና ረጃጅም ሆኖ ወደ ብርሃን አንገቱን የሰገገ። አንድ ግንድ ላይ ቀይ፣ ብጫ፣ አረንጓዴ እሸት አብሮ አለ። ለቃሚዎቹ ቅርንጫፉን በአንድ እጃቸው ዝቅ አድርገው ይዘው በሌላው ቀዩን ብቻ ይነቅላሉ፤ ወገባቸው ላይ ባሰሩት ቅርጫት ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። ከላይ ሰሳ ቅርንጫፉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቷል። ከሰሳው በላይ ደግሞ ቀራሮ ብቻውን ወጥቶ ይታያል፤ ሥሩ እንደ ግድግዳ ተነጥፎ ነው ግንዱን የያዘው፣ በሁለቱ ሥሮች መሃል ሰው ቢደበቅ አይታይም። አንገታችንን አዙረን ጫፉን ፈለግነው፤ ጋሼ በአውራ ጣታቸውና በዱላቸው ለክተው ከ40 ሜትር አያንስም አሉ። ገተማ የሚሉት ዛፍ ላይ ሦስት ቀፎዎች አግድም ተጋድመዋል። ነጩ ማር ከዚህ ዛፍ አበባ ነው የሚገኘው፤ ስለዚህ ልጁ ገተማን ሲጠራው እንደ ዘመድ ነው።

ከዚያ ጉሬዛዎቹ መጡ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ቅጠሉ ነው፤ ቀጥሎ ነጩ ጭራ፤ ቀጥሎ ሙሉው እንስሳ፣ ጥቁርና ነጭ ካባውን አንዘርፍፎ፣ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው። ሰባት ቆጠርኩ። የመጨረሻዋ ልጅ ታቅፋ ነበር፤ ግልገሏ ነጭ በነጭ ናት። አይዘሉም እኮ፣ ይወድቃሉ፤ ሲወድቁ ቅርንጫፉ ይቀበላቸዋል። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ለእንጦጦ ማርያም የሚያወልቁትን ያህል ነው ያወለቁት።

ጸጥታውን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ በጩኸት። ገብረ ጉንዳን! መንገዱን አቋርጦ እንደ ጥቁር ገመድ ሲፈስ ሳላየው መስመሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ሱሪዬ ውስጥ የገባው አሥር አይሞላም፣ የተሰማኝ ግን ሺህ ነው። ሱሪዬን እስካወልቅ ድረስ ጋሼ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው «ወደ ግራ! አይ ወደ ላይ!» እያሉ አቅጣጫ ይሰጡኝ ነበር። ወደ ጫካ ሲገቡ ሱሪን ካልሲ ውስጥ መክተት፤ ይሄን ምክር በነጻ ውሰዱ።

ጉዞው ያለቀው ዘጠነኛው ጠጠር ላይ ነው። አንዲት ጅረት አለች፤ ስፋቷ አራት ሜትር ቢሆን ነው፤ መሻገሪያዋ አንድ ግንድ ነው። ቅርፊቱ የተላጠ፣ በእግር ብዛት የለሰለሰ፣ በዝናብ የረጠበ። ልጁ እጁን ኪሱ ከቶ ተሻገረ። አንዲት ሴት ሃያ ኪሎ የሚሆን እሸት ቡና በራሷ ተሸክማ ተሻገረች። እኔ ቁጭ ብዬ፣ እንደ ፈረስ ጋልቤው ተሻገርኩ። ጋሼ ዱላቸውን ግንዱ ላይ አሳርፈው ገፋ ገፋ አደረጉትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሂዱ እናንተ። እኔ እዚህ ነኝ።»

ልጁ ልዘላችሁ አለ፤ እሳቸው እንኳንስ ለጅረት ለአባይም አልታዘልም አሉ። ተከራክረን አልቻልንም። ከጅረቷ ማዶ 20 ደቂቃ ያህል ሄድን፤ የሰሊን ዛፍ የመሰለ ትልልቅ ፈርን የበቀለበት እርጥብ ሸለቆ አለ፣ ቅጠሉ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ደስ ይላል። ግን ሙሉ ልቤ እዚያ አልነበረም፤ ሦስት ሰዓት ተጉዘው የመጡ ሽማግሌ አራት ሜትር አቅቷቸው ቀሩ እያልኩ ነበር።

ስንመለስ ግን የሚያሳዝን ሰው አላገኘሁም። በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የሚኒባሱ ቲኬት ጀርባ ላይ ድልድይ ስለዋል። «ሁለተኛ ግንድ ከጎኑ፣ መሃሉ ላይ አግድም ርብራብ፣ በአንድ ጎን የእጅ መደገፊያ። መደገፊያው በአንድ ጎን ይበቃል፤ ሸክም ያለው ሰው ሌላኛው እጁ ነጻ አይደለም። የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ሁለት ኪሎ ሚስማር፣ አራት ሰው፣ ግማሽ ቀን።» ልጁ ወረቀቱን ተቀብሎ አዟዙሮ አየው። ባሕር ዛፍ በሁለት ዓመት ይበሰብሳል፣ ጥድ ነው የሚሻለው አለ። ጋሼ ተከራከሩት። ስለ እንጨት የተጀመረ ክርክር አስፋልት እስክንደርስ አላለቀም፤ በዚያ ሁሉ ክርክር ጋሼ መቁጠሩን ረስተው ጠጠሮቹ በአንድ ኪስ ቀሩ።

ለልጁ የድካሙን ሰጠነው። ስንት እንደሚከፈል የተጻፈ ነገር ስለሌለ እሱም አፍሮ፣ እኛም አፍረን፣ ብሩ ሦስት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ይሄ ግን መስተካከል ያለበት ነገር ነው፤ ተመኑ ቢታወቅ ማንም አያፍርም፣ ማንም አይበደልም።

እሁድ

ጅሬን። ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ነው፤ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ንጉሥ ናቸው፤ ለአፄ ምኒልክ ገብረው አገራቸውን ያለ ጦርነት ያቆዩ። በባጃጅ ወጣን፤ እዚህ መግቢያው የት እንደሆነ ማንም አይሳሳትም። ጋሼ የእንጨቱን ቤት ደረጃ ከታች ሆነው አዩና «ነገሥታትም ለጉልበት አያስቡም» ብለው ውጭ ቀሩ።

ልባቸው ቁልቁለቱ ላይ ነበር። ወደ ታች ግማሹን በእግር እንውረድ አሉ። ያልጠበቅሁት ነገር፦ ለታመመ ጉልበት ዳገት ሳይሆን ቁልቁለት ነው ጠላቱ። አንድ ኪሎ ሜትር ሳንሞላ ላብ በላብ ሆኑ። ከዚያ ቀጥታ መውረዱን ትተው እንደ እባብ ከመንገዱ ዳር ወደ ዳር እየተጠማዘዙ መውረድ ጀመሩ፤ ከቤተ ክርስቲያንና ከዘመድ ጥየቃ የሚመለስ ሰው ቆሞ ያያቸዋል። ጅማ ከታች ተዘርግታለች፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ያብረቀርቃል፣ ከቆርቆሮው መጨረሻ የቦዬ አረንጓዴ። ሦስት ሰዎች በየተራ እየቆሙ ጠየቁን። አባት፣ ምን ጠፋባችሁ አይደለም የዛሬው፦ አባት፣ ባጃጅ ልጥራላችሁ? ሦስተኛውን እሺ አልነው።

ሰኞ

መናኸሪያ፣ ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል። ጨለማ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት ሻንጣውን ጣሪያ ላይ ወረወረና ከረጢቱን ደባበሰ።

«ይሄ ምንድነው?»

«በርጩማ።»

«ለሱም ይከፈላል።»

ጋሼ ከረጢቱን ተቀብለው ፈቱ፣ በርጩማዋን አወጡ፣ እግሯ ላይ የደረቀውን የቦዬ ጭቃ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አድርገው ሰልፉ መሃል አስቀመጧትና ተቀመጡባት።

«አሁን ዕቃ አይደለችም» አሉት፣ «ወንበር ናት።»

ተሳፍረው ሲሄዱ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው የመጨረሻ ያሉኝ ስለ ድልድዩ ነው። ጥድ ይሁን ብለዋል በለው፤ ግን ሚስማሩ ሁለት ኪሎ አይበቃም፣ ሦስት ይግዛ።